በሳንቲሜ ጠርዝ ላይ ያለው ይህ ንክሻ ሳንቲሙ ከመታተሙ በፊት የነበረ ነው ወይስ በኋላ የመጣ?

በእጄ ያለው እ.ኤ.አ. የ1985 የአሜሪካ 25 ሴንት ነው። «ሊበርቲ» ከሚለው ቃል በላይ ጠርዙ በክብ ተነክሶ የተወሰደ ይመስላል። ደረጃውን የጠበቀው 5.67 ግራም ሲመዝን የእኔው 5.4 ግራም ነው፤ ይህ ግን ብረት መጉደሉን እንጂ መቼ እንደጎደለ አይነግረኝም።

በ10 እጥፍ አጉሊ መነጽር አየሁት። ከንክሻው አጠገብ ያሉት ፊደላት በስለት እንደተቀጠፉ አልቆሙም፤ ወደ ጉድለቱ ሲጠጉ እየሰፉና እየደበዘዙ ይጠፋሉ። በሳንቲሙ ጎን ዙሪያውን የተቀረጹት ቀጫጭን መስመሮችም እንዲሁ። በሞረድ የተነካ ሳንቲም እንዲህ አይሆንም ብዬ ደስ አለኝ።

ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። ከንክሻው ትይዩ፣ ከዓመተ ምሕረቱ በታች ያለው ጠርዝ ሙሉና ከፍ ያለ ነው። ጥፍጥፉ (ገና ምስል ያልታተመበት ክብ ብረት) ሳይታተም በፊት ጎድሎ ከነበረ ጠርዙን የሚያነሳው ማሽን በዚያ በኩል ግፊት ስለሚያጣ ትይዩው መሳሳት ነበረበት። ሁለቱ ምስክሮቼ ተጣሉብኝ። ፎቶግራፍ በተለያየ ብርሃን አነሳሁ፤ ምንም አልጨመረልኝም።

ፊደላቱ እንዲህ ደብዝዘው እያለ፣ የትይዩው ጠርዝ አለመሳሳት ብቻውን ሳንቲሙ በኋላ የተጎዳ ነው ለማለት ይበቃል?