ክርክር፦ ተመራማሪነት ሙያ ሆኖ ያዋጣል ወይ?

የጂረኗ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። በዕፅዋት ጥበቃ ሁለተኛ ዲግሪዬን ጨርሻለሁ። አሁን ሁለት ሥራ ቀርቦልኛል፤ አንዱ ጀማሪ ተመራማሪነት፣ ሌላው ቡና ላኪ ድርጅት ውስጥ የጥራት ባለሙያነት ነው። የላኪው ደመወዝ ከእጥፍ በላይ ነው፤ ቤተሰቤም ወደዚያ ይገፋኛል። ልቤ ግን ወደ ምርምሩ ያደላል። ሰው ዕድሜውን በምርምር የሚያሳልፈው ምን አግኝቶ ነው? እውነቱን ንገሩኝ።

ቡና ቀማሽ፦ እህቴ፣ እኔ ከምርምር ወጥቻለሁ፤ ስለዚህ እውነቱን ልንገርሽ። ለሙከራ የተፈቀደው በጀት የሚለቀቀው ዝናቡ ካለፈ በኋላ ነበር። ዝናብ ያመለጠው ሙከራ ደግሞ ሌላ ዓመት ይጠብቃል። የህሊና እርካታ አለው፣ አልክድም፤ የቤት ኪራይ ግን አይከፍልም። ዶክተር አክሊሉ ለማን ተመልከቺ። አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያዩት እ.ኤ.አ. በ1964 ነው፤ ያ ቀንድ አውጣ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፍ ነው። ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ያገኙት በ1989። ሩብ ምዕተ ዓመት! ስንቱ ይህን ያህል ይታገሣል?

አስተማሪው፦ እኔ የምጨምረው አለ። ለደረጃ ዕድገት ብቻ ተብሎ የሚጻፍ ጽሑፍ ሰውን ያደርቃል። ጽሑፍ እየቆጠርሽ የምትኖሪ ከሆነ ላኪው ጋ ሂጂ።

ጋሽ መልኮ፦ የኔ ልጅ፣ እኔ በቴክኒሻንነት ነው ጡረታ የወጣሁት፤ ያየሁትን ልንገርሽ። የቡና ፍሬ በሽታ፣ ሲቢዲ የምንለው፣ አገራችን የታየው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ ጥቁር ጠባሳ ያወጣል፣ ይሰረጉዳል፣ ከዚያ ቅርንጫፉ ላይ እንዳለ ይጨማደዳል። መድኃኒት መርጨት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ጓሮውና ጫካው ውስጥ ቡና ያለው ገበሬ መርጫውን በምን ይገዛል? ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ሌላ ጥያቄ ጠየቁ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ሲጠቁር ጤነኛ ሆኖ የቆመው ዛፍ ለምን ቆመ? ከእንደነዚያ ያሉ ዛፎች ዘር ተለቅሞ መልኮ፣ ጅማ ያለው የምርምር ማዕከላችን፣ መጣ። 74110 እና 74112 የሚባሉት የቡና ዝርያዎች ከኢሉባቦር፣ ከመቱ አካባቢ የተገኙ ናቸው፤ 74 ማለት የተመረጡበት የፈረንጅ ዓመት ነው።

በሽታውን የሚቋቋመው የሚለይበት ፍተሻ እንዲህ ነው። ቡቃያው የዘሩን ቅርፊት እንደ ቆብ ደፍቶ ከአሸዋው ብቅ ሲል በሽታውን የሚያመጣው ፈንገስ ዘር ያለበት ውሃ ይረጭበታል፣ እርጥበቱ እንዳያመልጥ በላስቲክ ይሸፈናል። ከሳምንታት በኋላ የደካማው ዛፍ ልጆች አንገታቸው ላይ ጠቁረው ይወድቃሉ። አልፎ አልፎ ግን አንድ ረድፍ ቀጥ ብሎ ቆሞ ታገኛለሽ። ያን ጠዋት ይህን ነገር በዓለም ላይ የምታውቁት አንቺና አጠገብሽ ያለው ሰው ብቻ ናችሁ። ማሳ ላይ ተተክሎ ፍሬ ሰጥቶ እስኪረጋገጥ ዓመታት ይፈጃል፤ ያ ጠዋት ግን ዓመታቱን ያሳልፍሻል። በደመወዝ የሚተካ አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

ቡና ቀማሽ፦ ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ያን ረድፍ መጀመሪያ ያየውን ሰው ስም ስንት ገበሬ ያውቃል?

የአጋሮ ልጅ፦ አባቴ አያውቅም። ችግኝ ሲፈልግ ግን "ሰባ አራት አንድ አስር" ብሎ በቁጥሩ ይጠይቃል። እኔን ያስተማረኝ የዚያ ቡና ገንዘብ ነው።

ላብራቶሪ፦ እዚሁ ጅማ እርሻ ትምህርት ቤት የተማሩትን ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታንስ ምን ልትሏቸው ነው? አቀንጭራ የማሽላ ሥር ላይ ተጣብቆ የሚመጥ አረም ነው፤ ዘሩ መሬት ውስጥ ዓመታት ተኝቶ የማሽላ ሥር የሚያመነጨውን ኬሚካል ሲያገኝ ነው የሚነቃው። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው ያን ኬሚካል እምብዛም የማያመነጭ ማሽላ ፈልገው አዳቀሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም ምግብ ሽልማት ተሰጣቸው።

ቡና ቀማሽ፦ የአቀንጭራውን ሥራ የሠሩት አሜሪካ፣ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሆነው ነው። ላብራቶሪው በተሟላበት!

ላብራቶሪ፦ እሱስ እውነት ነው። እኔም የታዘዘ ኬሚካል እስኪመጣ እጄን አጣጥፌ የተቀመጥኩበት ጊዜ አለ፤ ያናድዳል፣ ያስለቅሳልም። ነገር ግን አቀንጭራ የሚበላው ማሽላ ፐርዱ ባለበት ኢንዲያና ውስጥ አይደለም ያለው። ጥያቄውን ይዘው የሄዱት ከዚህ ነው። ችግሩን በዓይኑ ያላየ ሰው ያን ጥያቄ አይጠይቅም፤ ስለዚህ መሣሪያው ይምጣልን ብለን እንጩህ እንጂ ልጅቷን አናባርራት።

አስተማሪው፦ በዚህ ተስማምቻለሁ። የኔ ቅሬታ በምርምሩ ላይ አይደለም፣ በአቆጣጠሩ ላይ ነው።

ጋሽ መልኮ፦ የኔ ልጅ፣ ከመፈረምሽ በፊት ሄደሽ ሁለት ነገር ጠይቂ። አንደኛ፣ አሁን በእጃቸው ያለው ጥያቄ ምንድን ነው? ሁለተኛ፣ የመስክ መዝገቡን አሳዩኝ በያቸው። ያልተሳካው ሙከራ ከነምክንያቱ ተጽፎ ካገኘሽ ከሚያስተምሩ ሰዎች ጋር ነሽ። የተሳካው ብቻ ከተጻፈ ግን ተጠንቀቂ።

ቡና ቀማሽ፦ ሦስተኛም አለ፤ የትምህርት ዕድሉና የመስክ አበሉ በጽሑፍ ይሰጥሽ። እኔ አሁንም ላኪው ይሻልሻል ባይ ነኝ።

የጂረኗ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሰኞ ሄጄ መዝገቡን አያለሁ፤ ያገኘሁትን እዚሁ እጽፍላችኋለሁ። ወንድሜ፣ ያንተንም ሦስተኛ ጥያቄ አልረሳውም።