ሰዓቴ 160 ያሳያል፣ ትንፋሼ ግን ደህና ነው፤ የሶምሶማ ፍጥነት በምን ይመረጣል?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። 42 ዓመቴ ነው፤ ለሩጫ አዲስ ነኝ። ተቀምጬ ስለካው የልብ ምቴ 76 ነው። በ«220 ሲቀነስ ዕድሜ» ጣሪያዬ 178 ይሆናል፤ ቀስ ብዬ ሶምሶማ ስል ግን የእጅ ሰዓቴ 160 ያሳያል። ባለቤቴ እኩያዬ ናት፣ ሩጫ የለመደች፤ የእሷ ምት 54 ነው። በአንድ ፍጥነት አብረን መሮጥ ያዋጣናል?

መልስ 1፦
መጀመሪያ ሰዓቱን ይጠርጥሩ። ላላ ብሎ ከታሰረ የልብ ምት ትቶ እርምጃ የሚቆጥርበት ጊዜ አለ፤ በሶምሶማ በደቂቃ 160 እርምጃ ደግሞ የተለመደ ነው። ከአንጓው አጥንት ሁለት ጣት ከፍ አድርገው ጠበቅ ያድርጉት። ቆም እንዳሉም ወዲያው የእጅዎን የደም ሥር በሁለት ጣት ይዘው 15 ሰከንድ ይቁጠሩና በ4 ያባዙ። ከዘገዩ ምቱ ይወርዳል።

የ220ው ስሌት የብዙ ሰው አማካይ ስለሆነ 10 ምትና ከዚያም በላይ ሊስት ይችላል። የዕረፍት ምትን ቢያስገቡበት ይሻላል፦ 178 ሲቀነስ 76፣ 102። የዚህ 40 በመቶ 41፣ 60 በመቶ 61 ነው። 76 ሲደምሩበት መካከለኛው ጥረት ለእርስዎ ከ117 እስከ 137 ነው። ለባለቤትዎ ከ104 እስከ 128 ይመጣል፤ እሷ ግን በዚያ ምት ከእርስዎ በጣም ትፈጥናለች።

መልስ 2፦
ወንድሜ፣ እኔ ከቁጥሩ ይልቅ ትንፋሽን አምናለሁ። እየሮጥክ ከሀ እስከ ሆ፣ ከለ እስከ ሎ ጮክ ብለህ በል። ሳትቆራረጥ ከወጣህ ልክ ነህ፤ «ሄ» ላይ አየር ከሳብክ አልፈሃል። መዝፈን ከቻልክ ትንሽ ጨምር።

ጀማሪ ላይ ይህ ወሰን ቶሎ ይመጣል፣ አንዳንዱ ፈጠን ባለ እርምጃ ብቻ ይደርስበታል። ስለዚህ 5 ደቂቃ ተራመድ፤ ከዚያ 1 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 2 ደቂቃ እርምጃ፣ 8 ዙር፤ በሳምንት 3 ቀን፣ ቀን እየዘለልክ። የመጨረሻው ዙር ትንፋሽ እንደ መጀመሪያው ሲሆን ሶምሶማው ላይ 30 ሰከንድ ጨምር። የሌላ ሰው ፍጥነት ይዞ መሮጥ ነው ጀማሪን የሚያስተወው፤ ራሱ ከሚመርጠው ጥቂት ካለፈ ሩጫው ቅጣት ይሆንበታል።

መልስ 3፦
የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ካለ ይጠንቀቅ፤ ቤታ ብሎከር የሚባለው ዓይነት የልብ ምቱ ከፍ እንዳይል ስለሚይዘው ስሌቱ አይሠራም፣ ትንፋሹን ይከተል። ከቆላ ወይም ከዱባይ አዲስ አበባ የመጣም ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነውና በለመደው ፍጥነት ምቱ ከፍ ይላል፤ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ይቀንስ። ደረት ላይ ሕመም ወይም ማዞር ከመጣ ቆሞ ሐኪም ጋ መሄድ ነው።

አብሮ ለመሮጥ ደግሞ ጃን ሜዳን የመሰለ ሜዳ ይመቻል፤ በተቃራኒ አቅጣጫ ዙሩ፣ በየዙሩ ትገናኛላችሁ፣ እኩል ደቂቃ ላይም ትጨርሳላችሁ።