ፓቴል የሚባሉት ሁሉ ዘመድ ናቸው? መዝገብ ላይስ በየትኛው ስም ይግቡ?

የፔዳዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ውስጥ የውጭ አገር መምህራንን ማኅደርና ያሳተሟቸውን ጽሑፎች ወደ ኮምፒውተር የማስገባት ሥራ ይዘናል። ከሕንዶቹ መምህራን ሬዲ የሚባለውንም ኩማር የሚባለውንም እንደምንም አለፍነው፤ ፓቴል ላይ ስንደርስ ነገሩ ተወሳሰበ። አንዱ ሰነድ «ፓቴል ማሄሽ ጎቪንድባይ» ይላል፣ ሌላው «ማሄሽ ጂ. ፓቴል»፣ ሦስተኛው «ኤም. ጂ. ፓቴል»። (ስሙን ለምሳሌ ፈጥሬው ነው።) አንድ ሰው ይሁን ሦስት ወንድማማች መለየት አቃተን።

ፓቴል የሚባሉት በሙሉ ዘመድ ናቸው ወይ? ስሙ ከየት ተነስቶ ነው ናይሮቢንም ለንደንንም አሜሪካንም የሞላው? ዋናው ጥያቄዬ ደግሞ፣ እንደኛ የራስ ስም፣ የአባት፣ የአያት ብለን ብናስገባው ምን ይበላሻል? አንድ ባልደረባዬ «የጎርጎራን ግንብ የሠሩት ሕንዶች ዘር ናቸው» ብሎ ድርቅ ብሏል፤ እሱንም አንድ በሉልኝ።

የሽምብጡ፦

ከጎርጎራው ልጀምርና ልገላገል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ጋር ከሕንድ የመጡ ግንበኞች በጣና ዙሪያ መሥራታቸው እውነት ነው። ከፓቴሎች ጋር ግን የሚያገናኛቸው ነገር የለም። ያን ጊዜ ፓቴል ሹመት እንጂ የቤተሰብ ስም አልነበረም።

ሹመቱን ለኛ ሰው ማስረዳት አይከብድም፤ ጭቃ ሹም ማለት ነው። በምዕራብ ሕንድ፣ በተለይ በጉጅራት፣ የመንደሩን መሬት ማን ማን እንደያዘው የሚያውቅ፣ ግብር ሰብስቦ ለበላይ የሚያስገባ፣ ጠብ ሲነሳ የሚሸመግል ሰው ነበር። ሥሩ የሳንስክሪቱ «ፓታኪላ» ነው፤ «ፓታ» የመሬት ሰነድ ነው። ማራቲ ተናጋሪዎች ዘንድ ይኸው ቃል «ፓቲል» ሆኗል። ስለዚህ ፓቲል የሚል ሰነድ ካጋጠመሽ «ተሳስተው ነው» ብለሽ ወደ ፓቴል እንዳታቃኚው። ባለቤቱ ብዙ ጊዜ የማሃራሽትራ ወይም የሰሜን ካርናታካ ሰው ነው።

የአንድ ሹም ማዕረግ እንዴት የሚሊዮኖች ስም ሆነ? መልሱ ያለው ቻሮታር በሚባለው የመካከለኛው ጉጅራት ለም ሜዳ፣ በዛሬዎቹ የኬዳና የአናንድ አውራጃዎች ነው። እዚያ ካንቢ የሚባሉ ገበሬዎች ነበሩ። በብዙ መንደሮች መሬቱ «ናርቫ» በሚባል ሥርዓት የተያዘ ነበር፤ የመንደሩ ግብር በአንድ ላይ ይጣልና ባለድርሻ ቤተሰቦች እንደየድርሻቸው ይከፍላሉ። ድርሻው «ፓቲ»፣ ባለድርሻው «ፓቲዳር» ይባላል። ከርስታችን ጋር የሚመሳሰል ነገር አለው፤ ልዩነቱ እዚያ ድርሻው ከግብር ዕዳው ጋር መታሰሩ ነው። ባለድርሻዎቹ በትምባሆና በሌሎች የገበያ ሰብሎች እየከበሩ ሲሄዱ ካንቢ መባሉን ትተው ፓቲዳር ነን አሉ። የ1931 የሕዝብ ቆጠራም ፓቲዳር በሚለው ስም መዘገባቸው። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) ለቤተሰብ ስም ደግሞ የሹሙን ማዕረግ ወሰዱ። አባቱ አንድም ቀን ሳይሾም፣ ሹሙ የወገኑ ሰው ስለሆነ ብቻ ፓቴል የተባለው ብዙ ነው።

እንግዲህ ዘመድ ናቸው ወይ ለሚለው፦ አይደሉም። ራሳቸው ፓቲዳሮቹ እንኳ ሌቫና ካድቫ ተብለው ለሁለት የተከፈሉ ናቸው። የካድቫዎቹ ዋና መቅደስ ኡንጃ ከተማ ያለው የኡሚያ ማታ ቤተ መቅደስ ነው። ድሮ ካድቫዎች ሠርግ የሚደግሱት ከ9 እስከ 11 ዓመት ቆይቶ አንዴ ሲሆን፣ ቀኑ የሚቆረጠውም እዚያው ኡንጃ ነበር። አንዱ ቀን ካለፈ የሚቀጥለው እስኪመጣ መጠበቅ ስለሆነ በእቅፍ ያሉ ሕፃናት ሳይቀሩ ይዳሩ ነበር።

ሌቫዎቹ ዘንድ ደግሞ ጋብቻ በመንደር ክበብ የተከለለ ነው። በጣም የታወቀው የ«ስድስቱ መንደሮች» ክበብ ነው፦ ናዲያድ፣ ካራምሳድ፣ ቫሶ፣ ሶጂትራ፣ ዳርማጅና ባድራን። በ1875 ናዲያድ የተወለደውና በኋላ የሕንድ የመጀመሪያው የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር የሆነው ሳርዳር ቫላብባይ ፓቴል ከዚሁ አካባቢ፣ የካራምሳድ ቤተሰብ ልጅ ነው። 182 ሜትር የሚረዝመው ሐውልት የቆመው ለእሱ ነው።

ሐይቅ ለሐይቅ፦

ስለ መሰራጨቱ እኔ ልቀጥል፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ።

«ፓቴሎች ምሥራቅ አፍሪካ የገቡት የኡጋንዳን ባቡር ሊሠሩ ነው» ይባላል። ሐዲዱ ከሞምባሳ ተነስቶ ከ1896 እስከ 1901 ባለው ጊዜ ቪክቶሪያ ሐይቅ ደረሰ፤ ለሥራውም 32,000 ያህል ሠራተኞች ከሕንድ መጡ። አብዛኞቹ ግን የፑንጃብ ሰዎች ነበሩ፣ ውላቸው ሲያልቅም ብዙዎቹ ተመለሱ። ፓቴሎች የመጡት ሐዲዱን ተከትለው ነው፦ በጣቢያ ጸሐፊነት፣ በሒሳብ ሠራተኝነት፣ ከዚያም «ዱካ» በሚባለው የገጠር ሱቅ። ከአገራቸው የገፋቸው የ1899–1900 ረሀብ ነው። በእነሱ አቆጣጠር ዓመቱ 1956 ስለነበር እስከ ዛሬ «የሃምሳ ስድስቱ» ይሉታል፣ እኛ ክፉ ቀን እንደምንለው ማለት ነው። መሬቱም በውርስ ተሸንሽኖ ተሸንሽኖ ለታናናሾቹ አልበቃ ብሎ ነበር። ኬንያም ኡጋንዳም፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ታንጋኒካም፣ እንደ ኬዳ በእንግሊዝ እጅ ስለወደቁ፣ ከቦምቤይ መርከብ ተሳፍሮ መውጣቱ ብዙ የወረቀት ጣጣ አልነበረውም።

ወደ እኛ አገር የመጡት የጉጅራት ነጋዴዎች ግን በአብዛኛው ሌላ ወገን ናቸው፤ እንደ ቦህራ ሙስሊሞች ያሉ። የድሮውን የመሐመድ አሊ ሱቅ የሚያስታውስ ሰው ይገባዋል። በጣሊያን ጊዜ፣ በ1937፣ ከአገር የተባረረው ድርጅት ማለት ነው።

ሁለተኛው ጉዞ የግዳጅ ነበር። በነሐሴ 1972 ኢዲ አሚን እስያውያን በ90 ቀን ውስጥ ከኡጋንዳ እንዲወጡ አዘዘ። ወደ እንግሊዝ ብቻ 27,000 ያህል ገቡ፤ ሌስተርና የለንደኖቹ ዌምብሌይና ሃሮው በፓቴል የሞሉት በዋናነት ከዚህና ቀደም ብሎ ከኬንያ ከመጣው ሰው ነው። በነገራችን ላይ «አሚን» የፓቲዳሮችም የቤተሰብ ስም ነው፣ ልክ እንደ ዴሳይ። ዝርዝራችሁ ውስጥ አሚን የሚል ሕንዳዊ ካገኛችሁ ሙስሊም ነው ብላችሁ አትደምድሙ።

አሜሪካ ደግሞ በ1965 የኢሚግሬሽን ሕጓን ስትቀይር በሩ ተከፈተ። ዛሬ ከአገሪቱ ሞቴሎች ግማሽ ያህሉ በሕንድ ተወላጆች እጅ ናቸው፤ ከባለቤቶቹ እጅግ ብዙዎቹ ፓቴሎች ናቸው። ምክንያቱ ሒሳብ ነው። በ1970ዎቹ ነዳጅ ሲወደድ መንገደኛ ቀነሰ፣ የአነስተኛ ሞቴል ዋጋም ወደቀ። ገዢው ቤተሰብ እዚያው ስለሚኖር የቤት ኪራይ የለበትም፤ ባል እንግዳ ይቀበላል፣ ሚስት አንሶላ ታጥባለች፣ ልጆች ከትምህርት ሲመለሱ ያግዛሉ፣ ስለዚህ ደመወዝ የለም። ቅድመ ክፍያው የሚገኘው ከዘመድና ከመንደር ልጅ ነው፣ ያለ ወለድና ያለ ወረቀት፤ አንዱ ከከፈለ በኋላ በተራው ለሌላው ያበድራል። በ2000 ቆጠራ ከአሜሪካ 100 ዋና ዋና የቤተሰብ ስሞች ውስጥ ያልነበረው ፓቴል በ2010 ገባ።

አገር ቤት የቀሩት ሁሉ ሀብታም ናቸው ማለት ግን አይደለም። በነሐሴ 2015 አህመዳባድ ላይ እጅግ ብዙ ፓቲዳሮች ሰልፍ የወጡት በመንግሥት ሥራና በትምህርት ኮታ ይሰጠን ብለው ነው።

ጊዮን፦

የሽምብጡ ጋሼ ጥሩ አርገው አስረድተዋል፤ አንድ ነገር ልጨምር። ፓቴል ሁሉ ፓቲዳር፣ ፓቲዳርም ሁሉ ፓቴል አይደለም። በደቡብ ጉጅራት ኮሊ የሚባሉ ሕዝቦች ይህንኑ ስም ይይዛሉ። ጥንት ከፋርስ ከመጡት የዞራስተር እምነት ተከታዮች፣ ከፓርሲዎችም አለ። የባሩች አካባቢ ሙስሊሞችም ፓቴል ናቸው፤ ክሪኬት ለሚከታተል ሙናፍ ፓቴልን መጥቀስ ይበቃል። ስለዚህ በስሙ ብቻ ተነስቶ «ይሄ ሰው ሥጋ አይበላም»፣ «ጾሙ መቼ ነው» ብሎ መስተንግዶ ማዘጋጀት ያሳፍራል። ዓሣችሁን ከማቅረባችሁ በፊት ጠይቁ።

ቤዛዊት፦

እህቴ፣ ወደ መዝገብሽ እንመለስ።

የጉጅራት ስም ሦስት ክፍል አለው፦ የራስ፣ የአባት፣ የቤተሰብ። ችግሩ የሚፈጠረው ከኛ ጋር ስለሚመሳሰል ነው። ማሄሽ፣ አባቱ ጎቪንድባይ፣ ፓቴል ሲባል ሦስተኛው ሳጥን ውስጥ «የአያት ስም» ብለሽ ፓቴልን ትጽፊያለሽ። አያቱ ግን ፓቴል አይባልም፣ የራሱ ስም አለው። ለጊዜው ምንም የማይጎዳ ይመስላል። ሰውየው ልጁን ትምህርት ቤት ሊያስመዘግብ ሲመጣ ግን ሲስተሙ ልጁን «ማሄሽ» የአባት ስም፣ «ጎቪንድባይ» የአያት ስም አድርጎ ይመዘግበዋል፤ ፓቴል ከነጭራሹ ይጠፋል፣ የልጁም ወረቀት ከፓስፖርቱ ጋር አይገጥምም።

ጉጅራት ውስጥ የትምህርት ማስረጃ ላይ የቤተሰብ ስም ፊት ይመጣል። የመጀመሪያው ሰነድሽ «ፓቴል ማሄሽ ጎቪንድባይ» ያለው ለዚህ ነው። በእኛ ልማድ ሲነበብ ፓቴል የማሄሽ ልጅ ይሆናል። ሦስቱም ጽሑፎችሽ የአንድ ሰው ስም ሊሆኑ ይችላሉ፤ የመሃሉ «ጂ» ጎቪንድባይ ነው።

እንዲህ አድርጊ። መጀመሪያ የፓስፖርቱን ሁለት ገጽ ኮፒ ጠይቂ፣ ፎቶ ያለበትንና የመጨረሻውን። ፎቶው ያለበት ላይ የቤተሰብ ስምና የራስ ስም በተለያየ መስመር ተጽፈዋል፤ ፓቴል በየትኛው እንዳለ እዚያ ይለያል። የመጨረሻው ገጽ ላይ የአባት፣ የእናትና የትዳር ጓደኛ ስም ለየብቻ አለ። የመሃሉን ስም ከዚያ አመሳክሪ። የቀድሞው ፓስፖርት ቁጥርም እዚያው ይገኛል፤ ፓስፖርት ሲታደስ ቁጥሩ ስለሚቀየር፣ አሮጌውን ቁጥር የያዘ የሥራ ፈቃድ ማኅደር ውስጥ ካለ የምታገናኚው በዚያ ነው። ለቋሚ መለያ ግን የፓስፖርት ቁጥር አትጠቀሚ፤ የትውልድ ቀንና ሙሉ ስም ይሻላል።

«ባይ» የሚለው ቅጥያ ለወንድ፣ «ቤን» ለሴት የሚጨመር የአክብሮት ነው። አንዱ ሰነድ ላይ ይኖራል፣ ሌላው ላይ አይኖርም፤ ጎቪንድና ጎቪንድባይ አንድ ሰው ናቸው። ስትፈልጊ በሁለቱም ፈልጊ፣ መዝገቡ ላይ ግን ፓስፖርቱ እንዳለው ይግባ። ለአማርኛውም አንድ አጻጻፍ ምረጪና ለሁሉም ተጠቀሚ። አንዱ ጋ ፓቴል፣ አንዱ ጋ ፓተል፣ አንዱ ጋ ፐቴል ከተጻፈ ሲፈለግ አይገኝም።

ጽሑፎቹን በተመለከተ «ኤም. ፓቴል» ብለሽ በጉግል ስኮላር ብትፈልጊ ሐኪሙም ኬሚስቱም አንድ ላይ ተደበላልቆ ይመጣል። መምህሩ ኦርኪድ (ORCID) የሚባለው የተመራማሪዎች መለያ ካለው 16 አሃዝ ያለውን ቁጥር ተቀብለሽ በዚያ አጣሪ። ከሌለው እዚያው ክፈት በዪው፣ ነፃ ነው፣ ጥቂት ደቂቃ ቢወስድ ነው። እስከዚያው የጽሑፉን መስክ፣ የተቋሙን ስምና አብረውት የጻፉትን ሰዎች አይተሽ ለይ። ዋቢ ላይ ስታስገቢ «ፓቴል፣ ማሄሽ ጎቪንድባይ» ይሆናል፤ የእኛን ሰው በራሱ ስም እንደምታስገቢው እሱን በማሄሽ አታስገቢው።

የፔዳዋ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ብዙ ነገር ተፈታልኝ። አንዲት ሴት መምህርት አለች፤ ዲግሪዋና ፓስፖርቷ ላይ የመሃሉ ስም ይለያያል፣ ፓቴል ግን በሁለቱም አለ። የሰው ማስረጃ ይሆን ብለን አቁመነዋል። ሌላው ደግሞ፣ ሦስተኛውን ሳጥን ሲስተሙ ባዶ አያሳልፍም።

ቤዛዊት፦

አግብታ ነው። የእኛ ሴት ስታገባ ስሟን አትቀይርም፤ እዚያ ግን የመሃሉ የአባት ስም ወጥቶ የባል ስም ይገባል። ባሏም ፓቲዳር ከሆነ የመጨረሻው ፓቴል እንዳለ ይቀራል፣ ስለዚህ የተቀየረው አንድ ስም ብቻ ይመስላል። የድሮውን ስም ከፓስፖርቷ የመጨረሻ ገጽ የአባት መስመር ጋር አስተያዪው። ከገጠመ የጋብቻ የምስክር ወረቀት ኮፒ አስመጥተሽ ከዲግሪው ጋር አያይዢው። የቀድሞውንም ስም «በፊት የነበረ ስም» ብለሽ መዝግቢ እንጂ ዲግሪው ላይ በእጅ የሚታረም ነገር አይኑር።

ሳጥኑን በተመለከተ፣ የመረጃ ቋቱን የሚያስተዳድረው ክፍል ለውጭ ዜጋ የተለየ ቅጽ ይክፈትላችሁ፣ «የቤተሰብ ስም» እና «የራስ ስም» የሚል ሁለት ሳጥን ብቻ ያለው። ለፓቴል ብቻ አይደለም የሚጠቅመው። ከታሚል ናዱ የመጣ ሰው የቤተሰብ ስም ጨርሶ ላይኖረው ይችላል፤ ፊት ያለችው አንዲት ፊደል የአባቱ ስም መነሻ ናት። ለእንዲህ ያለው ሰው ሳጥን ለመሙላት ተብሎ ስም ሁለት ጊዜ ከተደገመ ባንክ ሄዶ ደመወዙን ማውጣት አይችልም።

የሽምብጡ፦

ቤዛዊት ያለችው ላይ አንድ ነገር፦ ደብዳቤ ስትጽፉለት «ዶ/ር ማሄሽ ፓቴል» ይበቃል። በቃል «ዶክተር ማሄሽ» ብትሉት አይከፋውም። «ማሄሽባይ» ካላችሁት ደግሞ አገሩ የገባ ይመስለዋል።