«ተመስገን» ከአፌ እንጂ ከልቤ አልወጣ አለኝ

የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። ከአራት ወር በፊት እናቴ ከረጅም ሕመም ስትድን፣ ማታ ማታ የማመሰግንባቸውን ሦስት ነገሮች ደብተር ላይ መጻፍ ጀመርኩ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ድንቅ ነበሩ። የጠፋው የቧንቧ ውኃ መጥቶ ጀሪካኑ ሲሞላ የሚሰማው ድምፅ፣ የጎረቤታችን የቡና ጥሪ፣ በደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ የተሣሉት የመላእክት ፊቶች፣ ሁሉም አዲስ ሆነውብኝ ነበር። አሁን ግን «ጤና፣ እናቴ፣ እንጀራ» ብዬ ጽፌ እተኛለሁ። ቃሉ አለ፣ ስሜቱ የለም።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮበርት ኤመንስ እና ማይክል ማከላ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 ባሳተሙት ጥናት አንዱ ቡድን የሚያመሰግንበትን የሚጽፈው በሳምንት አንድ ጊዜ፣ እስከ አምስት ነገር ነበር፤ የሚያማርራቸውን ከጻፉት ይልቅ ስለ ሕይወታቸው የተሻለ ስሜት ነበራቸው። እኔን ያደነዘዘኝ በየቀኑ መጻፌ ይሆን?

ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ ግን ሌላ ነው። ቤት ንብረቱን ጥሎ የተፈናቀለ ሰው እያየሁ «እኔ አልተራብኩም፣ ተመስገን» ማለት የሰውን መከራ መለኪያ ማድረግ ይመስለኛል፤ ያሳፍረኛል። እናቴ እግሯን እያመማት እንኳ፣ ቡናው ሲፈላ፣ ሳትቆጥር ታመሰግናለች።

እባካችሁ፣ በዚህ ያለፋችሁ ንገሩኝ። ቀኑን አራራቃችሁት? ወይስ መጻፉን ትታችሁ ውለታ ለዋለላችሁ ሰው ፊት ለፊት መናገር ጀመራችሁ? ራስን ከሌላው ሳያነጻጽሩ ማመስገንስ እንዴት ይለመዳል? ደብተሩን መዝጋት አልፈልግም።