የትምህርት ቤት ዴስክ ግዥ፦ የጋራ ሐሳባችንን እናስተካክል

ጸሐፊ፦ ሰላም የቀርከሃ ማኅበራችን አባላት። ለመንግሥት ግዥና ንብረት ባለሥልጣን የምናስገባው ረቂቅ ዓርብ ማለቅ አለበት። እስካሁን ያለን አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፦ «መሥሪያ ቤቶች ለአካባቢ ሲባል የቀርከሃ ዕቃ በቅድሚያ ይግዙ።» ያልተስማማ ይጻፍ።

አናጺው፦ እኔ አልስማማም። ቀርከሃ በ3 እና 4 ዓመት ይደርሳል፤ ጽድ ግን የተከለው ሰው አይቆርጠውም። እሱስ ልክ ነው። ግን አምና ለአንድ ትምህርት ቤት ያስረከብኩትን 40 ዴስክ ነቀዝ በላው። ጠዋት ጠዋት ከሥሩ ነጭ ዱቄት ይጠረግ ነበር። ቸኩዬ ነቀዝ የሚከላከለው የቦራክስ ውሃ ውስጥ ሳልነክረው ነው የሠራሁት። ጥፋቱ የኔ ነው። አሁን ማገዶ ሆኗል።

ግዥ ክፍል የሠራችው፦ ችኮላውን አውቀዋለሁ። በጀቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ገንዘቡ ተመላሽ እንዳይሆን ግንቦት ላይ ሩጫ ነው። ቀርከሃው እንኳን ሊታከም አይደርቅም። ስለዚህ ጨረታው በጊዜ ይውጣ እንበል። ደግሞ «ቀርከሃ ግዙ» አትበሉ፤ የራሳችሁን ገበያ የፈለጋችሁ ነው የሚመስለው። ስፔኩ (የጨረታው የዕቃ መስፈርት) ላይ ዕቃው ምን መቻል እንዳለበት ይጻፍ፦ ስንት ኪሎ ይሸከማል፣ ለነቀዝ በምን ታክሟል፣ የ5 ዓመት ዋስትና አለው ወይ? ያኔ ውሃ ሲነካው የሚያብጠው ቺፑድ ራሱ ይወድቃል።

ጸሐፊ፦ ዋጋውስ? በዝቅተኛ ዋጋ ከሆነ እኛ አለቀልን።

ግዥ ክፍል የሠራችው፦ በዕድሜው ይካፈል። ለምሳሌ 4,000 ብር ተገዝቶ 2 ዓመት የሚቆይ ዴስክ በዓመት 2,000 ብር ይፈጃል። 6,000 ወጥቶበት 5 ዓመት ቢቆይ 1,200 ነው። ርካሹ የቱ ነው?

ከእንጅባራ፦ ልጆች፣ ጫካውን ረሳችሁት። ትልቅ ጨረታ ሲወጣ ደላላው የዓመቱን ቡቃያ ሁሉ ያስቆርጣል። ያልደረሰ ቀርከሃ ደግሞ ነቀዝ ይወደዋል። የደረሰው ግንዱ ላይ ሽበት የመሰለ ነጠብጣብ ያወጣል። ከ3 ዓመት በታች የሆነ አንቀበልም የሚል ይግባ።

አናጺው፦ ጋሼ፣ ተፍቆ ቫርኒሽ ከተቀባ በኋላ ሽበቱን ማን ያየዋል?

ከእንጅባራ፦ እሱስ እውነትህን ነው። እንግዲያው ፍተሻው ሳይፈለጥ፣ እዚያው ቀርከሃው መኪና ላይ የሚጫንበት ቦታ ይሁን።

ጸሐፊ፦ ይዣለሁ። የመጀመሪያዋን ዐረፍተ ነገር ሰርዣታለሁ። የቦራክስ መንከሪያ ገንዳውን ግን በጋራ እንሥራ፤ ግቢ ያለው ማነው?

አናጺው፦ እኔ ጋ ይሁን። መጀመሪያ የሚነከረው የነዚያ የ40 ዴስኮች ምትክ ነው።