መኪናዬ ጧ ብቻ እያለች አልነሳ አለችኝ፣ ትናንት በጀምፐር ተነስታ ዛሬ እምቢ አለች

የኮሮላዋ ባለቤት፦
ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ እባካችሁ የመኪና ነገር የሚገባችሁ እርዱኝ። ኮሮላ 2003 ሞዴል ማኑዋል ናት። ከትናንት ጀምሮ ቁልፉን ሳዞር ጧ ትላለች እንጂ ሞተሩ ጭራሽ አይዞርም፣ አንዳንዴ አንዴ ብቻ ጧ፣ አንዳንዴ ደግሞ ጠጠጠጠ። ትናንት አራት ኪሎ ቆማ እምቢ ስትለኝ አንድ የላዳ ሹፌር ጀምፐር (ከሌላ መኪና ባትሪ ኃይል የሚያመጣውን ገመድ) አያይዞልኝ በአንዴ ተነሳች፣ እግዜር ይስጠው። ዛሬ ጠዋት ግቢ ውስጥ እንደገና ያው፣ የጎረቤት መኪና አስጠግተን በጀምፐር ብንሞክር ብንሞክር ወይ ፍንክች። ባትሪው ገና 7 ወሩ ነው። ጎረቤቴ ባትሪ ግዢ ይለኛል፣ ወንድሜ ሞተሪኖ (ቁልፍ ሲዞር ሞተሩን የሚያስነሳው ዕቃ) ነው የሄደው ይላል። ሁለቱንም ለመግዛት አቅሙ የለኝም፣ ልጆቼን ትምህርት ቤት የማደርሰው በሷ ነው።

የሜክሲኮ ልጅ፦
እህቴ ባትሪ ነው በይው። ጠጠጠጠ ካለ ጉልበት አጥቷል ማለት ነው፣ የሞተሪኖው ማግኔት ይስባል፣ ቮልቱ ይወርዳል፣ ይለቃል፣ እንደገና ይስባል፣ ድምፁ ከዛ ነው የሚመጣው። በክረምት መብራት፣ ዋይፐር፣ የመስታወት ማሞቂያ እያበራሽ ከአራት ኪሎ ፒያሳ በዘጋ መንገድ ከሄድሽ ዲናሞው (ሞተሩ ሲሰራ ኤሌትሪክ የሚያመነጨው) ባትሪውን ለመሙላት ጊዜ የት ያገኛል። 7 ወር ቢሆንም ይሞታል።

ሚኒባስ ሹፌር፦
እኔ ደግሞ ሞተሪኖ እላለሁ። ቶዮታ ላይ ሞተሪኖው ውስጥ ያሉት የመዳብ ኮንታክቶች ተበልተው ያልቃሉ፣ ያኔ ጧ ብቻ ይላል። ሙሉውን መግዛት አያስፈልግሽም፣ ኮንታክቱ ብቻ ይቀየራል፣ ሶማሌ ተራ ታገኚዋለሽ። አንድ ሰው ቁልፍ እያዞረ ሌላው ሞተሪኖውን በመዶሻ እጀታ ቀስ አድርጎ መታ መታ ቢያደርገው አንዳንዴ ይነሳል።

የመኪና ኤሌትሪክ ሰራተኛ፦
ሁለታችሁም ያላችሁት የሚያጋጥም ነገር ነው ግን እባካችሁ ሳይለካ ዕቃ አታስገዟት። እህቴ ሦስት ነገር ንገሪኝ። አንደኛ የውስጡን መብራት አብርተሽ ቁልፉን ስታዞሪ መብራቱ ይደክማል ወይስ እንዳለ ነው? ሁለተኛ ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ከሰው ተውሰሽ ባትሪው ላይ ስንት ቮልት እንዳለ እዪ፣ መኪናዋ አድራ ስትለኪ 12.6 አካባቢ ከሆነ ሙሉ ነው፣ 12.2 ግማሽ ነው፣ ከ12 በታች ባዶ በይው፣ ቁልፍ ስታዞሪም ከ9.6 መውረድ የለበትም። ሦስተኛው ዋናው ነው፣ ትናንትም ዛሬም ጀምፐሩን ስታያይዙ ጥቁሩን ገመድ እናንተ መኪና ላይ የት ነው ያስያዛችሁት?

የኮሮላዋ ባለቤት፦
መብራቱ ምንም አይደክምም፣ ቦግ እንዳለ ነው። የሰፈር ቲቪ ጠጋኝ ቴስተር አውሶኝ ለካሁ፣ 12.5 ይላል፣ ቁልፍ ሳዞር 12 አካባቢ ይወርድና ይመለሳል። ጥቁሩን የላዳው ሰውዬ ባትሪው ላይ አይደለም ያደረገው፣ ሞተሩ ላይ ያለ ብረት ላይ ነክሶት ነበር፣ ባትሪው ላይ አይደረግም ብሎኝ ነበር። ዛሬ ግን ቀዩን በቀይ ጥቁሩን በጥቁር ባትሪው ላይ ነው ያደረግነው። ልዩነት አለው እንዴ?

የመኪና ኤሌትሪክ ሰራተኛ፦
በጣም አለው! ባትሪሽ ደህና ነው፣ ሞተሪኖሽም ደህና ነው ብዬ ነው የማስበው። ሞተሪኖ ሞተሩን ለማዞር ከ100 አምፔር በላይ ይስባል፣ ያ ሁሉ ከረንት በቀዩ ገመድ ይሄዳል፣ የሚመለሰው ግን በሞተሩ ብረት አልፎ ከሞተር ወደ ባትሪው ጥቁር በሚሄደው በማሳ ገመድ ነው። ማሳው ከላላ ወይ ከዛገ መመለሻ የለውም። የውስጥ መብራት አንድ አምፔር የማይሞላ ነው የሚፈልገው፣ ማሳውም በቦዲ በኩል ስለሆነ ቦግ ብሎ ይበራል፣ ሰውን የሚያሳስተው ይሄ ነው። ትናንት የላዳው ሰውዬ ጥቁሩን ሞተር ላይ ሲነክሰው ሳያውቀው የማሳ ገመድሽን ተካው፣ ለዛ ተነሳች። ዛሬ ባትሪው ላይ ስታደርጉት ብልሽቱ ከዛ በታች ስለሆነ መቶ ባትሪ ብታመጡም ለውጥ የለውም።
እንዲህ አድርጊ፦ ማርሹ ዜሮ ይሁን፣ የእጅ ፍሬን ያዢ። የቴስተሩን አንድ ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ቀለም የሌለው የሞተር ብረት ላይ አድርጊና አንድ ሰው ቁልፍ ያዙር። ከ0.5 ቮልት በላይ ካነበበ ማሳ ነው። በቅርብ ሞተሩን ወይ ካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) የነካ ሰው አለ?

የኮሮላዋ ባለቤት፦
ውይ አዎ፣ ሳልነግራችሁ፣ ባለፈው ሳምንት ፍሪሲዮን አስቀይሬ ነበር፣ ከዚህ ጋር ይያያዛል ብዬ መች አሰብኩ። ለካሁት፣ እየዘለለ 7 እና 8 ቮልት ያሳያል!

የድሮ ላዳ ነጂ፦
ልጄ፣ ፍሪሲዮን ሲሰራ ካምቢዮው ይወርዳል፣ የማሳው ገመድ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እሱ ላይ ነው የሚታሰረው። ሲመልሱት በደንብ ሳያጠብቁት ቀርተዋል። ደግሞ ስሚኝ፣ ደጋግመሽ ቁልፍ አታዙሪ፣ ከረንቱ ማሳ ሲያጣ በነዳጅ ፔዳሉ ሽቦ ሾልኮ ይሄዳል፣ እኔ እንደዛ ሆኖብኝ ሽቦው ግሎ ሽፋኑ ቀልጦ ፔዳሉ ተነክሶ ቀርቷል። ገፍተሽ በቁልቁለት ላስነሳ እንዳትይም፣ ሞተሩ እስኪነሳ ፍሬኑም መሪውም ይከብዳል፣ መንገዱም በዝናብ ያንሸራትታል።

የኮሮላዋ ባለቤት፦
ጋሼ እውነትዎን ነው! ከወንድሜ ጋር ኮፈኑን ከፍተን ገመዱን ስንከተለው ካምቢዮው ላይ ያለው ብሎን በእጅ ይዞራል፣ ስሩ ደግሞ ቅባትና ጭቃ ነው። ምን ላድርግ አሁን፣ ዝም ብዬ ላጥብቀው?

የመኪና ኤሌትሪክ ሰራተኛ፦
አይ፣ መጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቺ፣ ከዛ ብሎኑን አውጥተሽ የገመዱን ጫፍም የካምቢዮውንም ብረት በብርጭቆ ወረቀት እስኪያብለጨልጭ ፈግፍጊው፣ ቤንዚን ሳይሆን ደረቅ ጨርቅ ተጠቀሚ። ካጠበቅሽው በኋላ ከላይ ትንሽ ግሪስ ቀቢው፣ ዝናቡ እንዳያዝገው። የባትሪውንም ተርሚናሎች በዛው አጽጃቸው።

የኮሮላዋ ባለቤት፦
በአንድ ቁልፍ ተነሳች!! ማሳው ላይ ድጋሚ ስለካ 0.2 ነው፣ ሞተሩ እየሰራ ባትሪው ላይ 14.1 ያሳያል። ባትሪም ሞተሪኖም አልገዛሁም፣ ተባረኩ። ጋሼ የነዳጁን ሽቦ አየሁት፣ ሽፋኑ አልቀለጠም ግን ስጎትተው ትንሽ ይይዛል፣ ይቀየር ይሆን?

የድሮ ላዳ ነጂ፦
ከለቀቅሽው በኋላ ፔዳሉ ወዲያው ካልተመለሰ ዛሬውኑ አስቀይሪው፣ ልጆች ጭነሽ አትውጪበት።

የኮሮላዋ ባለቤት፦
እሺ ጋሼ፣ ነገ ልጆቹን በታክሲ አድርሼ በቀጥታ ወደ ሶማሌ ተራ ነው የምሄደው።