አባት በማያምንበት ቤት የእናት እምነት ለልጆች እንዴት ይተላለፋል?

ጠያቂ
ሰላም ለሁላችሁ። ልጆቼ ሦስት ናቸው፤ 4፣ 9 እና 14 ዓመት። አባታቸው አያምንም፣ ግን አይከለክልም። ማታ ማታ አብረን እንጸልያለን፤ ትልቁ ልጅ ሰሞኑን «እኔ ይቅርብኝ» ማለት ጀምሯል። እንደየዕድሜያቸው ምን ላስተምር፣ ለስንት ደቂቃ? ትልቁንስ ላስገድደው ወይስ ልተወው? «ጸልዪ» ብቻ ብላችሁ እንዳታልፉኝ፣ እሱንማ እያደረግሁ ነው።

መቅረዝ
እህቴ፣ አባት ስላላመነ ነገሩ ያለቀለት አይምሰልሽ። የጢሞቴዎስ አባት የግሪክ ሰው ነበር (ሐዋ. 16፥1)፤ ጳውሎስ ግን የልጁን እምነት ሲያነሣ የሚጠራው አያቱን ሎይድንና እናቱን ኤውንቄን ነው (2ጢሞ. 1፥5)። እዚያው መልእክት 3፥15 ላይ ደግሞ ጢሞቴዎስ መጻሕፍትን ያወቀው ከሕፃንነቱ ጀምሮ እንደሆነ ተጽፏል።

ለ4 ዓመቱ 5 ደቂቃ ይበቃል። አንድ አጭር ታሪክ፣ አንድ ጥያቄ፣ ከዚያ በራሱ አፍ አንድ መስመር ጸሎት። ያንኑ ታሪክ ሳምንቱን ሙሉ ድገሚው፤ የምትሰለቺው አንቺ ነሽ እንጂ እሱ አይሰለችም። ሲጸልይ ግን አታርሚው። «የአሻንጉሊቴን እግር መልስልኝ» ቢልም አሜን በይ። መሃል ላይ የታረመ ልጅ በማግስቱ የሚጸልየው አንቺን ለማስደሰት ነው።

ለ9 ዓመቱ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፤ ራሱ ያንብብ። «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» የሚለው መዝሙር 6 ቁጥር ብቻ ስለሆነ በሳምንት አንድ ቁጥር ቢይዝ በወር ተኩል ይጨርሰዋል። እንግዳ በመጣ ቁጥር «በል እስቲ በቃልህ በልላቸው» የሚባለው ነገር ይቅር። ልጁ ጥቅሱን ከጭብጨባ ጋር ያያይዘዋል፤ ጭብጨባው ሲቀር ጥቅሱም ይቀራል።

ፊደል ቆጣሪ
መቅረዝ ያልነካውን ልጨምር። ሦስቱንም ሰብስቦ ማስተማር ብቻውን አይበቃም፤ የ14 ዓመቱ የ4 ዓመቱን ታሪክ እየሰማ ቢሰለች አይፈረድበትም። የሜቶዲስት እንቅስቃሴን የጀመሩት የእንግሊዞቹ ሰባኪዎች የጆንና የቻርልስ ዌስሊ እናት ሱዛና ቤቷ በልጆች የተሞላ ነበር፤ ሆኖም ለየልጁ የሳምንት ተራ ነበረው፣ የጆን ተራ ሐሙስ ማታ ነበር። ጆን ካደገ በኋላ ለእናቱ ሲጽፍ ያችን የሐሙስ ማታ ጊዜ አንሥቷል። አንቺም ለየልጁ በሳምንት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ መድቢ፤ ቀኑ አይለወጥ፣ ስልክ አይኑር። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዝም ሊል ይችላል። ስብከት ብታስገቢበት ግን ዝምታው ይቀጥላል፤ ዋናው ሥራሽ መስማት ነው።

ከሱዛና ደንቦች አንዱ፦ ጥፋቱን በግልጽ አምኖ ለመታረም ቃል የገባ ልጅ አይመታም። ምክንያቷ ልጆች የሚዋሹት ቅጣት ፈርተው ነው የሚል ነው። ዱላው ዛሬ ቦታ የለውም፣ ደንቡ ግን ይሠራል፤ እውነት የተናገረበት ቀን ቅጣቱ ይቅለልለት። የነገረሽን ምስጢር ደግሞ «እንዲጸለይለት» ብለሽ ለሌላ ሰው አታውሪ። አንዴ ከሰማ አለቀ፣ ሁለተኛ አይነግርሽም።

አንባቢ
ስለ ትልቁ፦ ጸሎቱን አታስገድጂው። ቤተሰቡ ሲጸልይ እንዳይረብሽ መጠየቅ ግን መብትሽ ነው።

የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን መምህር የአውግስጢኖስ ቤት ከአንቺ ቤት ጋር ይመሳሰላል። እሱ ልጅ ሳለ እናቱ ሞኒካም ቤተሰቡም ሁሉ ያምኑ ነበር፣ ከአባቱ በቀር። ጎልማሳ ሲሆን ቤተ ክርስቲያን እንደ ኑፋቄ የምታየውን የማኒን ትምህርት ተከታዮች ተቀላቀለ። ሞኒካ መጀመሪያ ላይ ከማዕዷ አራቀችው፤ ኋላ ግን መልሳ አብራው መብላት ጀመረች። አንድ ጳጳስንም ልጄን ተከራክረህ መልስልኝ ብላ ለመነች። እሱ እንቢ አላት፤ ልጁ ገና ለመስማት ዝግጁ አይደለም፣ ጸልዪለት፣ ራሱ እያነበበ ስሕተቱን ይደርስበታል አላት። አውግስጢኖስ የተጠመቀው በ387 እ.ኤ.አ. ሚላኖ ላይ ነው፤ ሞኒካም ያን አይታ በዚያው ዓመት አረፈች። ስለዚህ ማዕዱን አትዝጊበት፣ ክርክርም አትላኪበት።

አባቱን እንደ መጥፎ ምሳሌ መጥቀስ ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም፤ ልጁ ከሁለታችሁ አንዱን እንዲመርጥ ታስገድጂዋለሽ። ለቅጣት «ሂድና ጸልይ» ማለትም እንደዚያው ነው።

ጠያቂ
አመሰግናለሁ። ባለፈው «እግዚአብሔር ካለ ሕፃናት ለምን ይታመማሉ?» አለኝ። «እንዲህ አይባልም» ብዬ ዘጋሁት። አሁን እንዴት ልመለስበት?

አንባቢ
«ያኔ ስለዘጋሁብህ ይቅርታ፣ ጥያቄህ ልክ ነው» ብለሽ ጀምሪ። መልሱን ካላወቅሽ አላውቅም በይና አብራችሁ የምታነቡበትን ቀን ቁረጡ፤ ቀኑን ግን አትዝለዪው። ከመጽሐፈ ኢዮብ 2፥11–13ን እና 42፥7ን አብራችሁ አንብቡ። ወዳጆቹ ሰባት ቀን ዝም ብለው አብረውት ተቀመጡ፤ የተወቀሱት አፋቸውን ከፍተው በተናገሩት ነው። ደግሞ ከሁሉ አስቀድመሽ የታመመ ጓደኛ እንዳለው ጠይቂው።